ደቻቱ የምትባል ጀልባ

ሌሊት እነቃለሁ።
አልጋው አይወዛወዝ፤ ምድር ዝም ብላለች፤
እጄ በጨለማ ገመድ ትፈልጋለች፥
መልሕቁ ለቆ እንደሁ ስባ ልትለካ፤
የአጎበር ክር ኖሯል የያዘችው ለካ።

ራያሌ ከጎኔ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤
ቀን የአይሱዙ ሸራ ሲሰፋ ውሎ ደክሟል።
መጋላ ለጠየቀው፥ መርፌውን ነክሶ እንዲህ ይላል፦
"ሸራ ያው ሸራ ነው፤ ያ ይወስድህ ነበር፥ ይኼ ይከልላል።"

እኔንም አልለቀቀኝ። ቧንቧ በመጣ ቀን፥
ሰው በርሜል ሲሞላ፥ ጀሪካን ሲያሰልፍ፥
ሳህን የማጥበው በግማሽ ኩባያ ነው፤
ጎረቤት ስቆብኝ ያልፋል።
ማንቆርቆሪያዬ ብቻ ያውቀኛል፤
በድሬ ውሃ ነጭ ለብሶ፥ ከባሕር የወጣ ይመስላል።

ሰባት ዓመት ኖርን ከውሃ ላይ፦
ዘጠኝ እርምጃ ቁመት፥ ሦስት እርምጃ ወርድ፥
ተጣልቶ፥ በር ጠርቅሞ መውጣት የማይሆንበት ቤት።
ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ፥ ደቻቱ ብዬ፤
በጎኗ ጻፍኩባት በገዛ ፊደሌ።
"ማን ያነበዋል፥ ዓሣ?" ብሎ ሳቀ ራያሌ።

ታጁራ ላይ አሥራ አንድ ቀን የነፋስ ደጅ ጠናን።
ዘይላ፥ አንዲት ሴት ሽንኩርት ከነአፈሩ ሰጠችን፤
ገንዘብ ብንዘረጋ ተቀየመችን።
ላሙ፥ አንድ ሽማግሌ አህያውን ውሃ ዳር አቁሞ፥
"ይኼ ምንድን ነው?" አለኝ፥ ጣቱን ወደ ጽሑፉ ቀስሮ።
"የወንዝ ስም ነው፥ ያገሬ።"
"ጥልቀቱስ?"
አሸዋው ታየኝ፤ አሸዋው ላይ የተሰጣ ልብስ፥
ኳስ የሚያባርሩ ልጆች፥ መሃሉን አቋርጦ የሚያልፍ ባጃጅ።
"እንደ ቀኑ ነው" አልኩት።

ከዚያ ወዲያ፥ ስሙን በቅጡ ባልያዝኩት መንደር፥
የተቀደደ ሸራ ተሸክመው አጥማጆች በታንኳ መጡ፤
ራያሌ ጠቀመላቸው፤ ለዋጋው ባለ ስምንት እጅ ፍጡር አመጡ።
ከየት ጀምሬ ልክተፈው ብዬ ግራ ቢገባኝ፥
ያንዱ ሚስት ነጥቃ ድንጋይ ላይ አርባ ጊዜ ደበደበችልኝ፤
ካልተመታ አይለሰልስም፥ አለች በእጇ፥
ባሏን በጎን አየት አድርጋ።
ጴምባን ሳናየው ሽታው ቀደመን፤
የተሰጣ ቅርንፉድ በጨለማ እየመራ አደረሰን።

ማዕበል አልጣላትም። ነቀዝ ነው የበላት፥
የባሕር ነቀዝ፥ ከሆዷ ጀምሮ፥ ድምፅ ሳያሰማ።
ታጁራ ላይ በሳንቃ ዋጋ ሸጥናት።
ስሟ ያለበት ጎን የፍየል ጋጣ በር ሆነ አሉ፤
እንግዲህ ፍየል ያንብበዋ።

ባለፈው ቅዳሜ የግቢው ልጆች ያዙኝ፦
"ምን ታህላለች? አሳዪን!"
ወረድን ወደ አሸዋው። በእንጨት ጫፍ ሣልኳት፦
ዘጠኝ እርምጃ፥ ሦስት እርምጃ፥ ሳልቀንስ ሳልጨምር።
ሂቦ መሪውን ያዘች። ኤብሳ ፊት ላይ ቆሞ
"መሬት! መሬት!" ይላል፥ መሬት ላይ ቆሞ።
ሚፍታህ ግን ዞር ዞር ብሎ አየና
"ሽንት ቤቱስ?" አለ።
ባልዲውን ሣልኩለት።

ሰማዩ እኛ ጋ ጥርት ብሏል፤ ደመናው ከላይ፥ ከተራራው ነው።
ከድልድዩ አንድ ሰው አፏጨ፥ ደግሞ አፏጨ፤
ልጆቹን ባገኘሁት ክንድ እየጎተትኩ ወጣሁ።
መጀመሪያ ድምፁ፥ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና፥
ቀጥሎ ቡናማው ውሃ፥ ነጠላ ጫማ፥ ጀሪካን፥
ሥሩን ሽቅብ ያዞረ ቁልቋል።
ኋላዋን ነካት፤ መሪውን ወሰደ፤ ባልዲውን ወሰደ።
ደቻቱን ደቻቱ ይዟት ሄደ።

ሂቦ እጄን አልለቀቀችም።
"መልሕቅ ጥለሽ ነበር?"
"ረስቼዋለሁ።"
ውሃውን አየች፥ እስከ መታጠፊያው ድረስ።
"እንኳንም" አለች።